አባቴን ለማሳከም የልብ ወለዴን መብት ልሽጥ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ ማታ ልጆቼ ሲተኙ እጽፋለሁ። ልብ ወለዴን የጀመርኩት ሳላገባ ነበር፤ የጨረስኩት ግን ትዳር ውስጥ ሆኜ ነው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። አባቴ ደግሞ ስትሮክ መቶት አሁን እኔ ጋ ነው ያለው። አንድ አሳታሚ "ሙሉ መብቱን በአንድ ጊዜ ክፍያ ልግዛሽ፣ እስከ ዓርብ መልስ ስጪኝ" ብሎኛል። ባለቤቴ "ገንዘቡ የጋራችን ነው፤ አባትሽን ማሳከም ግን የአንቺና የወንድሞችሽ ጉዳይ ነው" ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባትዎን ይማርልዎ።

ከውሉ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። "ሙሉ መብት" ስንል ሁለት ቃል ብቻ ይመስላል፤ ሲፈቱት ግን ብዙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መጽሐፉን ማባዛት፣ ማሰራጨት፣ መተርጎም፣ ወደ ፊልም ወይም ድራማ መቀየር፣ በሬዲዮ ማስተረክ፣ እነዚህ ሁሉ የእርስዎ መብቶች ናቸው። ዕድሜዎን ሙሉ ይቆያሉ፤ ከእርስዎ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾችዎ ያልፋሉ። ለጥቂት ወራት የሕክምና ወጪ ብለው የልጆችዎን ድርሻ ጭምር እየሸጡ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ አይሽጡ፤ ፈቃድ ይስጡ። "ለአንድ እትም፣ ለዚህን ያህል ኮፒ፣ በወረቀት ብቻ" ተብሎ ይጻፍ። ትረካው፣ ኦዲዮው፣ ፊልሙ እርስዎ ጋ ይቅር። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በግልጽ ያልተጠቀሰ መብትም እንደተላለፈ አይቆጠርም። አሳታሚው "ሙሉ" የምትለውን ቃል የወደዳት ለዚህ ነው። ገንዘቡ አሁን ያስፈልገኛል ካሉ ቅድመ ክፍያ ይጠይቁ፤ ቀሪው ከሽያጩ በመቶኛ ይታሰብልዎ። ስምዎ በመጽሐፉ ላይ የመውጣቱና ሥራው ተቆራርጦ እንዳይበላሽ የመቃወም መብት ግን የሞራል መብት ነው፤ የቱንም ያህል ቢከፈልዎ አብሮ አይሸጥም።

አንድ ነገር በመሐል። ረቂቁን በፍላሽ ሰጥተው እንዳይመጡ! ጥበቃው እንዲጸና ምዝገባ ግዴታ አይደለም፤ ሆኖም ነገ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይሆንዎታልና መጀመሪያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደው ያስመዝግቡ።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ስለ ገንዘቡ ያሉት ልክ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 62፣ ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። ከግል ሀብት የሚገኝ ገቢም እንዲሁ የጋራ ነው። "ሳላገባ ነው የጀመርኩት" የሚለው ክርክር ለዚህኛው ገንዘብ ብዙም አይረዳዎትም። አንቀጽ 68 ደግሞ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለታችሁንም ስምምነት ይጠይቃል። (500 ብር ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም፤ ሕጉ ግን አልተነካም።) የቅጂ መብት በዚህ አንቀጽ ሥር ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ክርክሩን ለሌላ ሰው ትቼ ባለቤቴን ውሉ ላይ አስፈርም ነበር። ሳይስማሙ የተፈረመ ውል ፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል፤ አሳታሚዎም ይህን ቢያውቅ ራሱ ይጠይቅዎታል።

ስለ ሕክምናው የተናገሩት ግን ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ሕጉ ራሱን ለማይችል ዘመድ እንዲሰጥ የሚያዝዘው ድጋፍ ቀለብ ይባላል፤ ቀለብ በሕጉ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሕክምናም አለበት። በቅድሚያ የሚጠየቁትም ልጆች ናቸው፣ እርስዎም ወንድሞችዎም። አባታችሁ እርስዎ ቤት ስለተኙ ዕዳው የእርስዎ ብቻ አይሆንም። ይሁንና አማችም ከቀለብ ግዴታ ነፃ አይደለም፤ ተራው ከኋላ ነው እንጂ። ከዚያ በላይ፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ ያለበትን የቀለብ ግዴታ ለመወጣት የተገባ ዕዳ ለቤተሰቡ ጥቅም እንደተገባ ይቆጠራል። እርስዎ ለአባትዎ ሕክምና ቢበደሩ አበዳሪው ከጋራ ሀብታችሁ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። ይህን ለባለቤትዎ በለሆሳስ ይንገሯቸው፤ ሕግ ጠቅሶ መጮህ ትዳር ውስጥ አይሠራም።

ወንድሞችዎ እምቢ ካሉ የቀለብ ክስ አለ። ከሳሹ ግን አባትዎ ናቸው። አእምሯቸው ንቁ ከሆነ ውክልና አሁኑኑ ይስጡዎ፤ ሁለተኛ ስትሮክ ቢመጣ ይህ በር ሊዘጋ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን በሽማግሌ ይሞክሩት። በወር ማን ስንት እንደሚያዋጣ በወረቀት ሰፍሮ ሁሉም ይፈርምበት።

የዓርቡ ቀጠሮ የአሳታሚው እንጂ የሕግ አይደለም። ሐሙስ ማታ ወንድሞችዎን ቡና ብለው ይጥሯቸው። ዓርብ ደግሞ ለአሳታሚው የአንድ እትም ውል ይዘው ይሂዱ፤ ባለቤትዎም አብረውዎት ቢሄዱ ጥሩ ነው።