የቀን ተከፋይ መሆንህ ፈቃድ አያስቀርብህም

አሠሪህ «አንተ የቀን ተከፋይ እንጂ ደመወዝተኛ አይደለህም፣ የዓመት ፈቃድ የለህም» ያለህ ስህተት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ብሎ አይለይም። በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር ይከፈልህ፣ ለሥራህ በመደበኛነት የምታገኘው ክፍያ ደመወዝ ነው። አንድ ዓመት ከሞላህ 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ አለህ።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። አንቀጽ 53 ትርፍ ሰዓትን፣ የትራንስፖርት አበልን፣ ቦነስንና ኮሚሽንን ደመወዝ አይላቸውም። «በእጅህ 9,000 ብር» ሲሉህ ስንቱ ደመወዝ፣ ስንቱ አበል እንደሆነ ጠይቅ። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዙ ነው።

ደግሞ አትዘግይ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቅክ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያው ጊዜ በማለፉ፣ መብትህን ታጣለህ። እኔ «ነገ ይሰጡኛል» እያልኩ የሦስት ወር ትርፍ ሰዓት አጥቻለሁ። የምትፈርምበትን ፔሮል ዛሬውኑ በስልክህ ፎቶ አንሳው።