ጅራታም ኮከብ ለመለካት ቴሌስኮፕ አትጠብቂ

ከሐይቅ መጥተሽ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማሪው እህታችን፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የጅራታም ኮከቦችን አስኳል፣ ማለትም መሃላቸው ላይ ያለውን የበረዶና የአቧራ ጓል፣ መለካት ትፈልጊያለሽ። የሚያስተምርሽ ወንድምሽ «ሰማይ መቁጠር እንጀራ አይሆንም፣ የባንክ ፈተና ተፈተኚ» ይልሻል። የበለጠ ያስጨነቀሽ ግን «ያለ ቴሌስኮፕ ምን ልሠራ ነው?» የሚለው ነው።

አብሽሪ። አንደኛ፣ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ሁለተኛ፣ ዋናው ድካም ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ጅራታም ኮከብ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ይተንና አስኳሉ በአቧራና በጋዝ ይከበባል። ጦሳን ጉም በዋጠው ጠዋት ተራራውን ለኪ እንደመባል ነው። ስለዚህ ወይ ገና ከፀሐይ ርቆ ሳለ ያዩታል፣ ወይ የአቧራውን ብርሃን በስሌት ይቀንሱታል። የቀረው የአስኳሉ ብርሃን ነው።

ያም አይበቃም። አስኳሉ የሚመልሰው ካረፈበት ብርሃን 4 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። ትንሽና ነጣ ያለው ከትልቅና ጥቁሩ ጋር እኩል ሊደምቅ ይችላል። ለመለየት ሙቀቱን በኢንፍራሬድ (ዓይን በማያየው የሙቀት ጨረር) ወይም በሬዲዮ መለካት ያስፈልጋል። በ2022 በርናርዲኔሊ–በርንስታይን የተባለው ጅራታም ኮከብ አስኳል 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት እንዳለው የታወቀው የሀብል ቴሌስኮፕ ምስልና የሬዲዮ ልኬት ተጣምረው ነው። ሀብል ያለው ህዋ ላይ ነው፤ ስሌቱን የሠሩት ሰዎች በእጃቸው አልነኩትም። የምስል ማህደሩ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ።

አንድ ነገር ግን ስሚኝ፤ የአስኳሉን መጠን በመለካት አትጀምሪ። ሩቅና ደብዛዛ አስኳል ትልቅ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል። ምን ያህል አቧራ እንደሚተፋ መለካት ግን በትንሹም ይቻላል።

ወንድምሽ ከፍሎ አስተምሮሻል፤ ገንዘብ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ግን እንጀራ ያለው ባንክ ቤት ብቻ ነው ካለ፣ ዲግሪ ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር የቆመውን ወጣት ወጥቶ ይየው! እኔም ፊዚክስ ተምሬ ደመወዝ የበላሁት በቅየሳ መረጃ ሥራ ነው። ምስል አጽድቶ ቁጥር ማውጣት የሚችል ሰው ሥራ አያጣም። ስትመረቂ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ሥራ ያዢ፣ ለወንድምሽ በየወሩ የተስማማችሁበትን ስጪ፣ ማስተርሱ ይከተላል።

እንግሊዝኛው ያስፈራሽ ከሆነ፣ እያነበብሽ ይመጣል።

አሁን ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጀምሪ። የመመረቂያ ጥናትሽ የአንድ ጅራታም ኮከብ የአቧራ ልኬት እንዲሆን አማካሪሽን ጠይቂ። በቃል ብቻ እንዳይሆን፤ የትኛውን ኮከብ፣ በየትኛው ምስል እንደምትለኪ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ግቢ።