የገጣባ አህያ ጎን ስትቆሙ

ልጆቼ፣

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰሞኑን ጥያቄ ልካልኛለች። መስታወት ፊት መቆም አስጠልቷታል፤ ቁርስ ትዘላለች፤ ዘመድ ባገኛት ቁጥር «ወፈርሽሳ!» እያለ ይቀበላታል። (በእኛ ጊዜ ይህ ምርቃት ነበር። ዛሬ ሰላምታ የመሰለ ስድብ ሆኗል፤ ጥፋቱም የእኛ የትልልቆቹ ነው።) «ውሻ ባሳድግ ወይም በጎ ፈቃድ ብሠራ ይቀለኛል ወይ?» ትላለች። በእንስሳት ሕክምና ያረጀ ሰው ስለ መልክ ምን አገባው እንዳትሉኝ። ሰውነትን ሳይሰድቡ ማየት ከሙያችን የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ ነው። የሚቆጨኝ ይህ ዕውቀት ከክሊኒክ አጥር አልፎ እናንተ ዘንድ አለመድረሱ ነው።

አህያ ለሕክምና ስትመጣ የሰውነቷ ይዞታ በቁጥር ይመዘናል። መለኪያው ከ1 እስከ 5 ነው፤ 1 አጥንቷ የወጣ፣ 3 ደኅና፣ 5 ከመጠን በላይ የሰባች። ዓይን ያታልላል፤ ፀጉሯ ሲወፍር የከሳችው የደለበች ትመስላለች። ስለዚህ መዳፍ ዘርግቶ ጎድኗን መዳሰስ ነው። ቀለል አድርገው ሲጫኑ ጎድኑ ከተገኘ ጥሩ፤ ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ ከስታለች፤ ጠንክረው ተጭነውም ካልተገኘ ሰብታለች። ቀጥሎ አከርካሪ፣ ዳሌ፣ አንገት። አህያ አንገቷም ላይ ስብ ስለምታከማች ሆዷን ብቻ ያየ ይሳሳታል። ካርዱ ላይ «2» ሲጻፍ የሚስቅ የለም። ቁጥሩ የሚያስከትለው ጥያቄ ብቻ ነው፦ ጥርሷ ነው? ትል ነው? ጭነት በዝቶባት ነው? ወይስ የምትበላው አጥታ?

መልክን መጥላት የሚበረታው ራስን ከውጭ፣ በሰው ዓይን፣ ደጋግሞ በመመልከት ነው። የአህያ ገጣባ፣ ማለትም ጭነት የላጠውን የጀርባ ቁስል፣ በበጎ ፈቃድ የሚያጥብ ሰው ለዚያ ፋታ አያገኝም። ሥራው ይኸውላችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ባለሙያ አጠገባችሁ ይቁም። ውሃ አፍልታችሁ ለግማሽ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩና ለብ እስኪል አቆዩት። ጓንት አድርጉ። ከኋላዋ አትምጡ፤ እያናገራችኋት በትከሻዋ በኩል ተጠጉ፤ ባለቤቷ ይያዛት። መግሉና ቆሻሻው እስኪለቅ ውሃውን እያፈሰሳችሁ እጠቡ። በጨርቅ አትፈትጉ፤ አዲስ የበቀለው ሥጋ ይላጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባ ባለቤት ሞልቷል፤ ቆዳውን ከማሳረር በቀር የሚፈይደው የለም። ዋናው መድኃኒት እረፍት ነው። በማግስቱ ከተጫነች ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ። ድና ስትመለስም ከጭነቱ ሥር ላብ የሚመጥ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ይነጠፍ፤ የማዳበሪያ ላስቲክ ላብ አፍኖ ይልጣል። ሸክሙም ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ይረፍ፤ አጥንቱን አይንካ።

ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። የዛሬ ልጆች ለተቸገረ ዳቦ ስትሰጡ እንኳ ካሜራ ቀድሞ ይወጣል፤ ካሜራ ከወጣ ደግሞ ተመልሳችሁ ስለ ራሳችሁ ፊት ማሰባችሁ አይቀርም። ቁስሉን ግን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ርቀት፣ ፎቶ አንሱት፤ መጥበቡን የምታዩት በዚያ ነው። ቃሌን አፈረስሁ መሰለኝ፤ ይሁን፤ እናንተ ምስሉ ውስጥ አትግቡ እንጂ።

እንስሳ የሚያስፈራው ሰው ሰውን ይርዳ። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን የመሰሉ ቤቶች እጅ ይፈልጋሉ። ሽማግሌ ስታጎርሱ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧቸው፤ እናንተም ቁጭ በሉ፤ ቆመው ሲያጎርሱ ሰውየው አንገታቸውን ወደ ኋላ ስለሚያዘነብሉ ትን ይላቸዋል። በትንሽ ማንኪያ፤ የፊተኛውን መዋጣቸውን ሳታዩ ሁለተኛውን አታቅርቡ። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኙ። ክንዳችሁ ወፍራም ይሁን ቀጭን ከአልጋ ስታነሷቸው የሚፈለገው ጉልበቱ ነው። ማታ ለራሳችሁ ስትጽፉም «ዛሬ እጄ ምን ሠራ?» ብላችሁ ጻፉ፤ ስለ ኪሎ አትጻፉ።

የማልወደው ነገር አለ፦ ደግነትን እንደ ቅጣት የሚይዙት። ሳይበሉ ውለው፣ ቀኑን ሙሉ ለፍተው «ክብደት ቀነስሁ» የሚሉ አሉ። በልታችሁ ኑ። በሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት፣ በቋሚ ቀን ይበቃል። የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ፣ በልቶ ማስመለስ ከተለመደ፣ ራስ እያዞረ ከጣለ ግን ጉዳዩ የአህያም የሽማግሌም አይደለም፤ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ የአእምሮ ሐኪምም አማክሩ።

አሁን ወደ ውሻው። ልጄ፣ ዶርም እያለሽ ውሻ አታሳድጊ። ቡችላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በሦስት ወሩ ይከተባል፣ በየጊዜውም ይታደሳል፤ ዕድሜው ከአሥር ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ በፈተና ሰሞን የሚያበላው ካጣ ሁለት ሐዘን ይሆንብሻል። የሰፈሩን ውሾች መንከባከብ ከፈለግሽ አስቀድመሽ አንቺም ተከተቢ። ከነከሰሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበሽ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ተከትቤያለሁ ብለሽ አትቅሪ፣ ተጨማሪ ክትባት ያስፈልግሻል። የተጨነቀ ውሻ እጅ ሲዘረጉለት ይነክሳልና ሳህኑን አስቀምጠሽ ዘወር በይ፤ ይብላ።