ቻርጅ ላይ ነው፤ ባትሪው ግን ይወርዳል

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ በጎንደር ማራኪ አካባቢ ቤት ተከራይቼ የምኖር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው ማታ ማታ ሲሆን፣ ቤቱ ዋይፋይ ስለሌለው ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ በስልኩ ዳታ ኢንተርኔት እጠቀማለሁ። የቻርጅ ምልክቱ ስልኩ ላይ ይታያል፤ ባትሪው ግን በመሙላት ፈንታ ይቀንሳል። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ስሠራ ከ80 ወደ 62 ከመቶ ወረደ። ሶኬት ላይ ስሰካው ያለ ምንም ችግር ይሞላል። ፒያሳ ያሳየሁት የስልክ ጥገና ባለሙያ «ባትሪው ደክሟል፣ ይቀየር» ብሎኛል፤ ስልኩ ግን ከተገዛ ዓመት አልሞላውም። ባትሪውን ላስቀይር ወይስ ገመዱን?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አያስቀይሩ። ሶኬት ላይ ሲሰካ በደንብ የሚሞላን፣ ዓመት እንኳ ያልሞላውን ባትሪ በዚህ ብቻ መክሰስ አይቻልም። በስልኩ ጥግ ላይ የምትታየው የመብረቅ ምልክት የምትነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ከውጭ ኤሌክትሪክ እየገባ መሆኑን ነው። ምን ያህል እንደሚገባ አትናገርም፤ በዚያው ሰዓት ምን ያህል እንደሚወጣም አትናገርም። ደመወዝ የሚገባለት ሁሉ ገንዘብ እንደማይተርፈው፣ ወጪው ከገቢው የበለጠበት ስልክም ገመዱ እንደተሰካ ባትሪው ይወርዳል። የእርስዎም ጉዳይ የሒሳብ ጉዳይ ነውና ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ከገቢው እንጀምር። የተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 5 ቮልት ሲሆን፣ ደረጃው ለአንድ መሣሪያ የሚፈቅደው ከ500 ሚሊአምፔር አይበልጥም፤ ሁለቱ ሲባዙ 2.5 ዋት ይሆናሉ። ኮምፒውተሩ የተሰካበትን መሣሪያ ለይቶ እስኪያውቅ ድረስማ የሚፈቀደው 100 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ዩኤስቢ መጀመሪያ የተሠራው ማውስ፣ ኪቦርድና ፕሪንተር ለማገናኘት ስለነበር ይህ መጠን በጊዜው ብዙ ነበር። በአንጻሩ ሶኬት ላይ የሚሰካ ተራ የስልክ ቻርጀር 10 ዋት ይሰጣል፤ አዳዲሶቹ 15፣ 18 ወይም ከዚያም በላይ ይሰጣሉ። ሶኬት ላይ የሚሞላው ስልክ ላፕቶፑ ላይ የሚደክመው በዚህ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ወጪው እንሂድ። የባትሪዎን መጠን አልገለጹልንም፤ በብዛት የሚሸጠው 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዝ ስለሆነ በዚያው እናስላ። እንዲህ ያለው ባትሪ ሲሞላ በግምት 19 ዋት-ሰዓት ይይዛል። 18 ከመቶው ወደ 3.5 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ይህ በ3 ሰዓት ውስጥ ስለወጣ ስልክዎ ከባትሪው የወሰደው በአማካይ 1.2 ዋት ገደማ ነው ማለት ነው። በገመዱ ከገባው 2.5 ዋት ውስጥ ጥቂቱ በመንገድ ሙቀት ሆኖ ቢጠፋና 2 ዋት ቢደርሰው እንኳ፣ ስልኩ በጠቅላላው ከ3 ዋት በላይ እየበላ ነበር። ገመዱ ባይኖር ኖሮ በዚያ ምሽት ባትሪዎ 62 ላይ አይቆምም፤ ወደ 30 ከመቶ ይጠጋ ነበር። ስለዚህ ገመዱ ሥራውን አልተወም፤ የሚችለውን ያህል እየሞላ ነው።

ከ3 ዋት በላይ የሚበላው ምንድን ነው? ከሁሉ በላይ የስልኩ የኔትወርክ ክፍል ነው። ስልክ ኔትወርኩ ሲደክምበት ከማማው ጋር ለመነጋገር ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚጮህ ሰው የማሰራጫ ኃይሉን ይጨምራል። ጎንደር ደግሞ በኮረብታና በሸለቆ መካከል የተሠራች ከተማ ናት፤ ዳገቷ የሚያደክመው እግርን ብቻ አይደለም። ቤትዎ ከዳገት ሥር ከሆነ፣ ወይም ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ከሆነ፣ ስልክዎ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ ነው ማለት ነው። ይህን ለመፈተን ምንም ወጪ የለበትም፦ ገመዱ የሚደርስ ከሆነ ስልኩን ከጠረጴዛው አንሥተው መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጡትና የኔትወርክ መስመሮቹ ከሁለት ወደ አራት ከፍ ማለታቸውን ይመልከቱ። አንድ ምሽት እንዲህ ሠርተው የባትሪውን አወራረድ ከቀድሞው ጋር ያነጻጽሩ።

ሌላው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ላፕቶፑ ራሱ ነው። በዩኤስቢ የመጣለትን ኢንተርኔት እንደ ልብ የሚገኝ መስመር አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ እርስዎ አንድ ገጽ እያነበቡ ሳለ እሱ ከጀርባ የራሱን ማሻሻያዎች ያወርዳል። ይህ የስልኩን የኔትወርክ ክፍል ፋታ ያሳጣዋል፤ የገዙትን የዳታ ጥቅልም ይበላል። በላፕቶፑ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ መስመሩ የተገደበ (metered) መሆኑን ምልክት ያድርጉበት። የስልኩንም ስክሪን ያጥፉት፤ ኢንተርኔቱን ለማሳለፍ ስክሪኑ መብራት አያስፈልገውም። በስልኩ የፕሮግራመሮችን ሴቲንግ (Developer options) ከፍተው «ቻርጅ ላይ ሳለ አይተኛ» (Stay awake) የሚለውን አብርተው ከሆነ፣ ስክሪኑ ሳይጠፋ የሚያድረው በእሱ ምክንያት ነውና ያጥፉት።

ገቢውንም ማሳደግ ይቻላል። በላፕቶፕዎ ጎን ካሉት አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ውስጡ ሰማያዊ የሆነ ካለ፣ እሱ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3.0 ስለሆነ እስከ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ይሁንና ስልኩ ራሱ በ2.0 የሚሠራ ከሆነ በ500 ሊወሰን ይችላል። ከእሱ የሚሻለው የባትሪ ወይም የመብረቅ ምልክት ያለበት ቀዳዳ ነው፤ እንዲህ ያለው ለቻርጅ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ 1.5 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ሊሰጥ ይችላል። ላፕቶፑ ታይፕ ሲ ካለውና ገመዱም ከሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ስለ ገመዱ ግን እውነቱን እንናገር። እኔ ራሴ በዚሁ ችግር ሦስት ገመድ በተከታታይ ገዝቻለሁ፤ ሦስቱም ምንም ለውጥ አላመጡም። ቀጭን ገመድ የሚጎዳው ብዙ ኃይል በሚያልፍበት ጊዜ ነው፦ ግማሽ ኦም የሚከለክል ገመድ በ2 አምፔር 1 ቮልት ያህል ይበላል፤ በ500 ሚሊአምፔር ግን የሚበላው ሩብ ቮልት ብቻ ነው። የእርስዎ ገመድ ኢንተርኔት እስካሳለፈ ድረስ የመረጃ ሽቦዎቹም አልተቆረጡም። ገመዱ ሲነካካ ቻርጁ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ስልኩን አጥፍተው ቀዳዳውን በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለው ይጥረጉ፤ ከኪስ የተሰበሰበ ብናኝ እንደ ጥጥ ተጠቅልሎ ይወጣል። መርፌ አይጠቀሙ።

መብራት ሲጠፋ ሒሳቡ ይለወጣል። ያን ጊዜ ስልኩ የሚመገበው ከላፕቶፑ ባትሪ ስለሆነ፣ 40 ዋት-ሰዓት ከሚይዝ ላፕቶፕ በየሰዓቱ 6 ከመቶ ያህል ይወስዳል። ፓወር ባንክ ካለዎት ስልኩን በእሱ ላይ ሰክተው ኢንተርኔቱን በሆትስፖት ቢያስተላልፉ የላፕቶፑን ባትሪ ለጽሑፍዎ ይቆጥቡታል። መብራት ባለበትም ጊዜ ስልኩን ሶኬት ላይ አድርጎ በሆትስፖት መጠቀም ይቻላል፤ ሆትስፖት ከዩኤስቢ ይልቅ ባትሪ ቢበላም የሶኬቱ ገቢ ይሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ አዘዞ ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። የደንበኞችን ፎቶ ከስልካቸው ወደ ዴስክቶፕ በምገለብጥበት ጊዜ ስልካቸው ይግላል፣ ባትሪውም ይቀንሳል፤ «ስልኬን አበላሸኸው» ይሉኛል። ስልኩን የምሰካው ማውሱ፣ ኪቦርዱና ፍላሹ በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ ነው።

መልስ፦ የራሱ ቻርጀር የሌለው ማከፋፈያ ከኮምፒውተሩ የሚወስደውን ያንኑ 500 ሚሊአምፔር ለሁሉም ስለሚያካፍል፣ ለስልኩ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ስልኩን በቀጥታ ከዴስክቶፑ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ላይ ይሰኩት፤ ጀርባው ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከፊት ለፊቱ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ሙቀቱ ብዙ ፎቶ ሲገለበጥ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ስልኩ ሲግል ቻርጁን በራሱ ስለሚቀንስ ወፍራሙን ሽፋን አውልቀው፣ ፀሐይ ከሚመታው የመስታወት ጠረጴዛ አንሥተው ጥላ ላይ ያኑሩት። ደንበኛው ሲመጣ ባትሪው ስንት ላይ እንደነበረ አብራችሁ ብታዩት ደግሞ ክርክሩ ይቀላል።