ፎይሉ ለምን ይሳሳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአንድ ሆስፒታል የራጅ ክፍል የምሠራ ባለሙያ ነኝ። በራጅ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ተንግስተኑን ሲመቱት ከጉልበታቸው 99 በመቶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ እንደሚቀርና ወደ ኤክስሬይ የሚለወጠው 1 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ ተምሬአለሁ። በቅርቡ ደግሞ በስስ የብረታ ብረት ፎይል ላይ ሌዘር በመተኮስ ኤክስሬይ እንደሚመነጭ አነበብኩ። ሌዘር ብርሃን ነው፤ ታዲያ ብርሃን እንዴት ኤክስሬይ ያወጣል? ፎይሉስ ለምን እንዲያ መሳሳት አስፈለገው? ወፍራም ቢሆን የበለጠ ኤክስሬይ አይገኝም ነበር?
ከሐዋሳ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ስለ ፎይሉ መሳሳት ያነሡት ጥያቄ የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ግን ብርሃን እንዴት ኤክስሬይ እንደሚያስገኝ በአጭሩ እንግለጽ።

በእርስዎ ቱቦ ውስጥ ኤክስሬይ የሚወጣው ፈጣን ኤሌክትሮኖች ጠጣር ብረት ውስጥ ገብተው ሲገቱ ነው። የሌዘሩ መንገድ ሌላ ነው። እጅግ ጠባብ ቦታ ላይ ያረፈ ኃይለኛ ሌዘር ብረቱን አቅልጦና አትንኖ አያበቃም፤ የአቶሞቹን ኤሌክትሮኖች እየነቀለ ፕላዝማ ወደሚባለው የቁስ ሁኔታ ይለውጠዋል። ፕላዝማው በአስር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዲግሪ ሲግል፣ ለምሳሌ የቲታኒየም አቶም ከ22 ኤሌክትሮኖቹ 20 ያህሉን ያጣና ለኒውክሊየሱ እጅግ የቀረቡት ሁለቱ ብቻ ይቀሩታል። በዚያ ግለት ውስጥ የሚራወጡት ነጻ ኤሌክትሮኖች ከሁለቱ አንዱን ገጭተው ወደ ላይኛው እርከን ያነሡታል፤ እሱም ወደ ቦታው ሲመለስ 4.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ የሆነ ኤክስሬይ ይለቃል። መዳብ 29 ኤሌክትሮኖች ስላሉት 27ቱን ለመንቀል የበለጠ ግለት ይጠይቃል፤ የሚሰጠው ኤክስሬይም ወደ 8.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ይላል። እንግዲህ የሌዘሩ ብርሃን በቀጥታ ኤክስሬይ አይሆንም፤ ቁሱን ያግላል፣ የጋለው ቁስ ነው ኤክስሬይ የሚያበራው።

አሁን ወደ ፎይሉ ውፍረት እንምጣ። በወፍራም ግንድ ላይ ክብሪት ብንጭር ሙቀቱን ግንዱ ወደ ውስጥ ይስበውና እሳቱ ሳይያያዝ ይቀራል፤ ጭራሮ ላይ ብንጭር ግን ያው ክብሪት ይበቃል። (ምሳሌው ከልኩ እንዳያልፍ፣ ጭራሮው ራሱ ይነዳል፤ ብረቱ ግን ከሌዘሩ የተሰጠውን ጉልበት እንጂ የራሱን አያወጣም።) ወፍራም የመዳብ ገበታ ላይ ሌዘር ሲያርፍ የሚሆነው ከግንዱ ጋር ይቀራረባል። የሌዘር ብርሃን በፕላዝማ ውስጥ የሚጓዘው የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ከተወሰነ ልክ እስኪደርስ ብቻ ነው፤ ፊዚሲስቶች ይህን ልክ ወሳኝ እፍግታ ይሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ብርሃኑ ይንጸባረቃል። ስለዚህ ሌዘሩ በቀጥታ የሚያገኘው ከገበታው ፊት የተነነውን ስስ ሽፋን ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ሽፋን ብዙው ሙቀት ወደ ኋላ፣ ወደ ቀዝቃዛውና ወደ ጥቅጥቁ ብረት እየሸሸ፣ ብረቱን በመግፋትና ለብ በማድረግ ያልቃል። ለብ ያለ ብረት ደግሞ (ለብ ስንል በመቶ ሺዎች ዲግሪ የሚቆጠረውን ማለታችን ነው) እኛ የምንፈልገውን ኤክስሬይ አይሰጥም።

መፍትሔው ብረቱን አስቀድሞ መበተን ነው። ጥቂት ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) የሚወፍር፣ ከወጥ ቤቱ የአሉሚኒየም ፎይል እንኳ በብዙ እጥፍ የሳሳ የቲታኒየም ወይም የመዳብ ፎይል ይዘጋጃል። በመጀመሪያ ደካማ የሌዘር ምት ያርፍበትና ፎይሉ ፈንድቶ ወደ ስስ ደመና ይለወጣል። ከጥቂት ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) በኋላ ዋናው ምት ሲመጣ የሚያገኘው ጠጣር ግድግዳ ሳይሆን እፍግታው ከወሳኙ ልክ በታች የወረደ ፕላዝማ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑ እስከ መሐሉ ዘልቆ ሙሉውን ደመና በአንድ ጊዜ ያግላል። ሙቀቱን የሚመጥ ቀዝቃዛ ብረት ከኋላ የለም። ፎይሉ ወፍራም ቢሆን ኖሮ ቅድመ ምቱ ፊቱን ብቻ አፈንድቶ ከኋላ ያለውን ጠጣሩን ይተወው ነበር፤ መሳሳቱ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ይህ ዘዴ በአሜሪካ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው፣ 60 ጨረሮች ባሉት የኦሜጋ ሌዘር ላይ በፈረንሳይና በአሜሪካው የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ፊዚሲስቶች ተፈትኖ፣ በቅድመ ምት የፈነዳ ፎይል ከወፍራም ገበታ በግልጽ የላቀ ኤክስሬይ እንደሚሰጥ ታይቷል።

በእኛ አስተያየት የዚህ ሥራ ጥበብ ያለው በሁለቱ ምቶች መካከል ባለው ጊዜ ላይ ነው። የፈነዳው ፕላዝማ በአንድ ናኖ ሰከንድ ውስጥ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ይስፋፋል። ዋናው ምት ቶሎ ከመጣ ደመናው ገና ጥቅጥቅ ያለ ስለሚሆን ብርሃኑ ይመለሳል፤ ከዘገየ ደግሞ ደመናው ከመጠን በላይ ይሳሳና ሌዘሩ የሚያግለው ነገር አጥቶ አልፎት ይሄዳል።

ስለ ብቃቱ ቁጥር ግን ግልጽ መሆን ይገባል። በእነዚህ ፎይሎች ጠንካራ (ከፍተኛ ጉልበት ያለው) ወደሆነው ኤክስሬይ የሚለወጠው ከሌዘሩ ጉልበት ጥቂት በመቶው ነው፤ ይህም ከእርስዎ ቱቦ 1 በመቶ እጅግ የራቀ አይመስልም። ለስላሳውን፣ ማለትም ዝቅተኛ ጉልበት ያለውን ኤክስሬይ ማግኘት ቀላል ነው፤ በሊቨርሞር በሚገኘው ናሽናል ኢግኒሽን ፋሲሊቲ በተባለው ግዙፍ የሌዘር ተቋም 192 ጨረሮች የወርቅ ሲሊንደር ውስጥ ሲገቡ አብዛኛው ጉልበታቸው ወደ ለስላሳ ኤክስሬይ ይለወጣል። ደግሞም ስሌቱ የሚጀምረው ከሌዘሩ ብርሃን እንጂ ከመብራት ቆጣሪው አይደለም፤ የዚሁ ተቋም ሌዘር 2 ሜጋ ጁል ገደማ ብርሃን ለማውጣት 300 ሜጋ ጁል ገደማ የኤሌክትሪክ ጉልበት ይወስዳል።

ታዲያ ለምን ይደከማል? የጨረሩ ቅጽበታዊነትና የምንጩ ትንሽነት ነው ምክንያቱ። በኒውክሌር ውህደት ሙከራ (ቀላል አቶሞችን በማዋሃድ ጉልበት ለማግኘት በሚደረገው) በሌዘር ወደ ውስጥ የሚጨመቀው የነዳጅ እንክብል በሰከንድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ በአንድ ናኖ ሰከንድ ውስጥ ከሚሊሜትር ሩብ በላይ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ታካሚዎን ትንፋሽዎን ይያዙ ብለው የሚያነሡበት ቱቦ ይህን ሊቀርጽ አይችልም፤ ከፎይል የሚወጣው ብልጭታ ግን የናኖ ሰከንድ ክፍልፋይ በሆነ ጊዜ ውስጥ በቂ ኤክስሬይ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ይህ ዘዴ የሆስፒታሉን የራጅ ማሽን ይተካል? ካልተካስ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የሚሠራበት ቦታ አለ?
ከአዳማ፣ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ

መልስ፦ የሆስፒታሉን አይተካም። በእያንዳንዱ ምት ፎይሉ ስለሚጠፋ ሌላ መተካት ግድ ነው፤ ግዙፎቹ ሌዘሮች ደግሞ ከአንዱ ተኩስ በኋላ ለሚቀጥለው ለመብረድ ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ። ቱቦው ለታካሚ የሚበቃውን ኤክስሬይ በርካሽ ይሰጣል።

ሆኖም መርሁ ከቤተ ሙከራ ወጥቷል፤ የወጣበትም መስክ የእርስዎ ነው። የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል ኩባንያ እጅግ ረቂቅ ቺፖችን ለማተም በሚሠራቸው ማሽኖች ውስጥ የሚገኘው ብርሃን 13.5 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ከኤክስሬይ ደጃፍ ላይ የቆመ ጨረር ነው። በዚያ የሚፈነዳው ብረት ቲን ነው፤ ቤት የሚከደንበትን ቆርቆሮ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ ብየዳ የሚቀልጠውን ማለታችን ነው። ስፋቱ 30 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ የቀለጠ ቲን ጠብታ በሰከንድ 50,000 ጊዜ ባዶ በሆነ ክፍል ውስጥ ይወነጨፋል። ለእያንዳንዱ ጠብታ መጀመሪያ ደካማ ምት ያርፍበትና እንደ ቂጣ ይደፈጥጠዋል፤ ወዲያው ኃይለኛው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ያገኘውና ፕላዝማ ያደርገዋል። ፎይሉ እዚህ በጠብታ ተተክቷል፤ የሚያልቀውን ፎይል የመቀየሩ ችግርም በዚያው ተፈትቷል፤ ቅድመ ምቱ ግን ዋናው ምት ከመድረሱ በፊት ብረቱን ያሰናዳል።