መልስ፦ ኔትወርኩ ሲዳከም በየሰርቪሱ ኮድ ወይስ ሚድልዌር?

ኔትወርኩ ሲዋዥቅ ሲስተሙ እንዲላመድ በየሰርቪሱ (ሲስተሙን በሚሠሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች ውስጥ) ኮድ ልጻፍ ወይስ ሚድልዌር (በሰርቪሶቹ መሃል ሆኖ ጥሪያቸውን የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር) ላስገባ ላልከው፣ እኔ ብሆን ሚድልዌሩን ነው። በየሰርቪሱ ከጻፍከው ጥሪ ሲከሽፍ አንዱ 3 ጊዜ ይሞክራል፣ ከሱ ስር ያለውም 3፣ ሦስተኛውም እንደዛው፤ ይሄ ሲባዛ በአንድ ጥያቄ ዳታቤዙ ላይ 27 ጥሪ ይወርድበታል! የደከመ ሰርቨር ጭራሽ የሚወድቀው እንዲህ ነው።

ኤንቮይ የሚባለውን እንዲህ ያለ ሚድልዌር ሞክረው። ካዋቀርከው ስህተት የሚያበዛውን ሰርቨር ለጊዜው ከመስመር ያወጣዋል። ግን አንተ ካልነካኸው የጥሪ ጊዜ ገደቡ 15 ሰከንድ ነው፣ ለብዙ ነገር ረጅም ስለሆነ ቀንሰው። በግምት አትሙላው ታዲያ፤ የኔትወርክ ተመራማሪው ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ለቲሲፒ (ኢንተርኔት ላይ ዳታ ሳይጠፋ እንዲደርስ ለሚያደርገው ፕሮቶኮል) እንዳሳየው የመዘግየቱን አማካይም መዋዠቁንም ለክተህ አስላው። በድጋሚ ሙከራዎች መሃል ያለውን ቆይታ እጥፍ እያደረግክ ሂድ፣ ትንሽ የዘፈቀደ ልዩነትም ጨምርበት፣ አለዚያ ኔትወርኩ ሲመለስ ሁሉም ክላይንት (ጥሪ የሚልከው ፕሮግራም) በአንዴ ይግተለተላል።

ሚድልዌሩ በራሱ የማያውቀው ነገር ቢኖር የትኛው ጥሪ ቢደገም ችግር እንደሌለው ነው። ዝርዝር ማንበብ ይደገም፣ ምን ገዶህ። ክፍያ ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር ስጥና ሰርቨሩ ያንን ቁጥር ድጋሚ ሲያይ የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ይመልስ፤ ይሄን ሳታደርግ ድጋሚ ሙከራውን እንዳትከፍተው።