ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ሜታቦሊዝምሽ ሞቷል» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 38 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምውለው። ክብደት ለመቀነስ ቁርስና ምሳ ትቼ ማታ ሰላጣ ብቻ መብላት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። በመጀመሪያው ወር 4 ኪሎ ቀነስኩ። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ጓደኞቼ «ሜታቦሊዝምሽ ሞቷል» ይሉኛል። አንዷ ሜታቦሊዝም ያፋጥናል የሚባል እንክብል ሰጥታኝ ስውጠው ልቤ ድው ድው ይላል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከእንክብሉ ልጀምር። ዛሬውኑ ያቁሙት። እንዲህ ያሉ እንክብሎች ብዙ ጊዜ ካፌይን የታጨቀባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ውስጥ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ መድኃኒት ተቀላቅሎ ተገኝቷል። ካቆሙም በኋላ የልብ ምትዎ ካልተረጋጋ፣ ደረትዎን ካመመዎት ወይም ራስዎን ካዞረዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት ለውጦ የሚጠቀምበት ሂደት፣ ግን አይሞትም። ቢሞትማ ይህን ጥያቄ ባልጻፉልኝ ነበር! ተኝተው እንኳ ልብ ይመታል፣ ጉበትና አንጎል ይሠራሉ። ሰውነት በቀን ከሚያወጣው ጉልበት ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ለዚህ ነው የሚውለው። ምግብ ለመፍጨት 10 በመቶ ገደማ ይሄዳል። የተረፈው የእንቅስቃሴ ነው። ዕድሜንም አያሳብቡ። በ2021 የወጣ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ የሰውነት መጠን ከግምት ከገባ ሜታቦሊዝም ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ብዙም አይለወጥም።

ታዲያ ሚዛኑ ለምን ቆመ? ከመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች ከፊሉ ውኃ ነው። ምግብ ሲቀንስ ጉበትና ጡንቻ ያከማቹት ስኳር ያልቃል፣ አብሮት የተያዘው ውኃም ይወጣል። ከዚያ በኋላ የቀለለ ሰውነት ወጪውም ያንሳል። የራበው ሰውነት ደግሞ ቆጣቢ ነው። ሳይታወቅዎት ደረጃ ትተው ሊፍት ይይዛሉ፣ ቤት ሲገቡ ሶፋ ላይ ዘፍ ይላሉ። ጡንቻም አብሮ ይሟሽሻል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይብሉ። በየማዕዱ ፕሮቲን ይኑር፦ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ዓሣ፣ እርጎ። ሰውነት ከፕሮቲን ከሚያገኘው ካሎሪ ከ20 እስከ 30 በመቶውን እዚያው ለመፍጨትና ለማዋሃድ ያጠፋዋል። ከስብ ግን ቢበዛ 3 በመቶ ነው። እኔ ፕሮቲንን የምወደው ግን ስለሚያጠግብና ጡንቻ ስለሚጠብቅ ነው። የኩላሊት ሕመም ካለብዎ መጠኑን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

ጡንቻ ካነሳን አይቀር፣ «ጡንቻ ካለህ ተኝተህም ስብ ይቃጠላል» የሚሉት ወሬ የተጋነነ ነው። አንድ ኪሎ ጡንቻ በዕረፍት ላይ በቀን የሚያቃጥለው 13 ካሎሪ ያህል ነው። አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ 4 ተኩል ገደማ። ልዩነቱ አለ፣ ተአምር ግን አይደለም። ቢሆንም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ስፖርት ይሥሩ። ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። የቢሮ ወንበርዎ ጎማ ከሌለው ይበቃል። እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ፣ መቀመጫዎ ወንበሩን ነካ ሲያደርግ ሳያርፉ ይነሱ። አሥር ጊዜ። ትንሽ አርፈው ይድገሙት። በማግስቱ ጭንዎ ሲያምዎት ይረግሙኝ ይሆናል፤ ችግር የለም።

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጨምሩበት። እያወሩ መሄድ ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ፍጥነቱ ልክ ነው። ስልክ ሲደወልልዎ ቆመው ያውሩ፤ በየሰዓቱ ከወንበርዎ ይነሱ። ለጠረጴዛ ሠራተኛ እንዲህ ያለችው ጥቃቅን እንቅስቃሴ ስትደማመር ብዙ ናት። አረንጓዴ ሻይና ሚጥሚጣ? ከወደዷቸው ይጠቀሙ፤ ለውጣቸው ግን ኢምንት ነው። እንቅልፍ ይሻላል፤ ከ7 ሰዓት ያነሰ የሚተኛ ሰው በማግስቱ ረሃቡ ይበረታል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ብርድ ይበረታብዎታል? ሆድዎ ይደርቃል? ቆዳዎ ይሻክራል? ሁልጊዜ ይደክምዎታል? እንዲህ ከሆነ ሜታቦሊዝምን የሚቆጣጠረው፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል ቀላል የደም ምርመራ ያሠሩ። የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለም ይናገሩ፤ ክብደት የሚጨምሩ አሉ። ሲሄዱ የዚያን እንክብል ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፣ ሐኪሙ አገላብጦ ይየው።